ድንጋይ አሳዳጊዋ መልስ አላት

በአማርኛችን ሰውን በድንጋይ መስደብ የቆየ ነው። ትምህርት አልገባው ያለ ልጅ «ድንጋይ ራስ» ይባላል፤ ለሰው የማያዝን ልቡ ድንጋይ ነው፤ ግብዣ ላይ አፉን ይዞ የዋለ እንግዳም «ድንጋይ ሆኖ ተቀመጠ» ተብሎ ይታማል። እኔ እስካለፈው ኅዳር ድረስ ከነዚህ ስድቦች አንዱም አልደረሰብኝም፤ ደርሶብኝም ከሆነ እኔ በሌለሁበት ነው። በኅዳር ግን አንድ የምወደውና የማከብረው ወዳጄ፣ እሱም እንደኔው ከብዕሩ በሚያገኛት የሚያድር ሰው፣ ቤቴ ቡና ሊጠጣ መጥቶ አዲስ ስድብ ፈጠረልኝ። «ድንጋይ አሳዳጊ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡናው እስኪፈላ መስኮቴ ላይ የተደረደሩትን ትንንሽ የአበባ ማሰሮዎች ሲያይ ቆየና፣

«ጠጠር ነው?» አለኝ።

«ተክል ነው።»

«ምን ያደርጋል?»

«ያብባል።»

«መቼ?»

«ይቺኛዋ አራት ዓመት ፈጀባት። ያቺ አምስት። የቀሩት ሰባቱ ገና ናቸው።»

ወዳጄ ስኒውን አስቀመጠ። «አንቺ ልጅ፣ ሥራ ፈተሻል ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ ሰው በልቶ ማደር በቸገረበት ዘመን፣ ድንጋይ እያጠጣሽ አምስት ዓመት አበባ ትጠብቂያለሽ? ድንጋይ አሳዳጊ!»

ያን ቀን አልመለስኩለትም። እንግዳ ቤቴ ተቀምጦ ሳለ መሟገት አልወድም፤ ደግሞም መልሴ ረጅም ነበር፤ እሱ ደግሞ በረካ እንኳ ሳይጠብቅ የሚሄድ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳብላላው ከረምኩ። እያብላላሁት ስሄድ ክሱ የወዳጄ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። «ምን ይጠቅማል?» እና «መቼ ይደርሳል?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች በየቢሮው፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየቤተሰቡ ሰውን ሲያሳድዱ ነው የምናየው። ስለዚህ መልሴን እዚሁ አደባባይ ላይ ልስጥ። ወዳጄም ይህን መጽሔት ስለሚያነብ ይደርሰዋል።

በመጀመሪያ ተከሳሹን ላስተዋውቅ። ሊቶፕስ ይባላል። አገሩ ደቡብ አፍሪካና ናሚቢያ ሲሆን ጥቂቱ ወደ ቦትስዋናም ይሻገራል። ዝርያዎቹ ወደ 37 ይጠጋሉ። ግንድ የለው፣ ቅርንጫፍ የለው፣ እሾህ የለው። ያለው ተጣብቀው የበቀሉ ሁለት ወፋፍራም ቅጠሎች ናቸው፤ በመሐላቸው ስንጥቅ ስላለ የከብት ሰኮና ይመስላሉ። አፍሪካንስ የሚናገሩት የዚያ አገር ገበሬዎች ስሙን ያወጡለት በዚሁ ነው። ቀለሙ የተቀመጠበትን ጠጠር ይከተላል፤ ግራጫ ጠጠር መሐል ግራጫ፣ የዛገ ድንጋይ መሐል የዛገ ብረት ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1811 ዊልያም በርቸል የተባለ እንግሊዛዊ ተጓዥ ፕሪስካ ከምትባለው ቦታ አጠገብ ሲያልፍ መልኩ የገረመውን አንድ ጠጠር ሊያነሳ ጎንበስ አለ፤ ያነሳው ተክል ሆኖ አገኘው። ከዚያ በኋላ ኒኮላስ ብራውን የተባለው የኪው የዕፀዋት ሊቅ በ1922 ሊቶፕስ የሚለውን ስም እስኪያወጣለት ድረስ 111 ዓመት አለፈ። ከግሪክ ቃል የተወሰደ ሲሆን «ድንጋይ መልክ» እንደ ማለት ነው። (የሚመደብበትን ቤተሰብ ሳይንስ አይዞኤሴ ይለዋል። በግሪክኛ ትርጉሙ ሌላ ነው፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን «አይዞ» ብሎ መጀመሩ በክፉ ቀን አጽናንቶኛል።)

የዚህ ፍጡር አኗኗር ከድንጋይነቱ የበለጠ ያስገርማል። አብዛኛው ገላው አፈር ውስጥ ነው፤ ውጭ የሚታየው ጣሪያው ብቻ። ጣሪያው ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ መስኮት አለው። ፀሐይ በዚያ መስኮት ገብታ ከመሬት በታች ወዳለው አረንጓዴ ክፍሉ ትወርዳለች፤ ሌላው ተክል ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ሲዘረጋ ይህኛው ፀሐይዋን ጎጆው ድረስ ያስገባታል ማለት ነው። ቀን የገላውን ቀዳዳዎች ዘግቶ ይውላል፤ ሌሊት ሲበርድ ከፍቶ ይተነፍሳል። በዓመት አንድ ጊዜ በሁለቱ ቅጠሎች ውስጥ አዲስ ጥንድ ይፀነሳል። አዲሶቹ የሚያድጉት የአሮጌዎቹን ውሃ እየጠጡ ነው። አሮጌዎቹ ከቀን ወደ ቀን እየተሸበሸቡ፣ እየከሱ ሄደው በመጨረሻ እንደ ብራና ይደርቃሉ፤ አዲሶቹ ቆዳቸውን ቀድደው ይወጣሉ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የሰው ፍቅር አደጋ የሚሆነው። አሮጌዎቹ ቅጠሎች ሲከሱ ያየ ሰው ተክሉ የተጠማ ይመስለውና ያጠጣዋል። ውሃ ሲሰጠው መሞት የነበረበት ቅጠል መልሶ ይነፋል፤ አዲሱን ያፍነዋል፤ ከዚያ ሁለቱም ይበሰብሳሉ። አንድ ዓመት ለፋሲካ ሰሞን ሥራ ከከተማ አስወጥቶኝ ቤቴን ለእናቴ ትቼ ሄድኩ። በአራተኛው ቀን ስመለስ ማሰሮዎቹ ሁሉ ጭቃ ሆነው አገኘኋቸው። «ልጄ፣ ከስተው፣ ጠውልገው አየኋቸውና አንጀቴን በሉት» አለችኝ። ምን ልበላት? እኛ ቤት መውደድ ማለት ማብላትና ማጠጣት ነው። እንግዳው «በቃኝ» ሲል ይበልጥ ይጎረሳል። እናቴ አምስቱን ገደለቻቸው፤ በጉርሻ ነው የገደለቻቸው፤ ስለዚህም አልተቀየምኳትም።

ወዳጄ ውሃን አንስቷልና ሒሳቡን ላቅርብ። እኔም በፈረቃ ከሚጠብቁት አንዷ ነኝ፤ ጀሪካን ተሸክሜ ደረጃ ወጥቻለሁ። ዘጠኙ ተክሎቼ ዓመቱን ሙሉ የሚጠጡት ተደምሮ የአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ግማሽ አይሞላም። ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት ጠብታ አይቀምሱም። ክረምቱን ደግሞ የምታገለው ውሃ ለመስጠት ሳይሆን ውሃ ለመከልከል ነው፤ የአዲስ አበባን ሐምሌና ነሐሴ ለሊቶፕስ ማስረዳት አይቻልም፤ በላስቲክ ጣሪያ ነው የማሳልፋቸው። ያን ዕለት ወዳጄ ለጠጣበት ስኒ ማለቅለቂያ ያፈሰስኩት ውሃ ለሁለት ወር ይበቃቸው ነበር። ይህን የምለው ቡናውን ልቆጥርበት አይደለም፤ ክሱን ያመጣው እሱ ነው።

ውሃው ተዘጋ። «ምን ይጠቅማል?» ወደሚለው እንሂድ።

ወዳጄ በየመስከረሙ ስለ አደይ አበባ ግጥም ይጽፋል። አንዳንዶቹ ጥሩ ናቸው። አደይ አበባ አሥራ አንድ ወር አካባቢ ጠፍታ ከርማ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ታይታ ትሄዳለች። ማንም ዘርቷት አያውቅም፣ ማንም አያጠጣትም፣ ለወጥ አትሆን፣ ለቤት ክዳን አትሆን። እንቁጣጣሽ የሚሉት ሕፃናት ሲይዟት ግን አገር በሙሉ ዓይኑ ይበራል። ታዲያ ወዳጄ ለአደይ ያልጠየቀውን ጥቅም ለኔዋ ጠጠር ለምን ይጠይቃል? መልሱን እኔ ልንገረው፦ የአደይን መምጫ ያውቀዋል። ቀኑ በካላንደር ተቆርጦለታል። መጠበቁን አገር በሙሉ አብሮት ስለሚጠብቅ፣ መጠበቅ መሆኑን እንኳ አያውቀውም። የሚያስቀይመው ብቻውን የሚጠብቅ ሰው ነው። ብቻውን የሚጠብቅ ሰው ሥራ ፈት ይባላል።

ደግሞ አበባን በጥቅም ብቻ የሚመዝን ሰው ቢፈልግ አገራችን እጥረት የለባትም። ከኬንያ ቀጥሎ በአፍሪካ ከፍተኛ የተቆረጠ አበባ ላኪ እኛ ነን። ያ ትልቅ ሥራ ነው፣ እንጀራ ነው፣ አልንቀውም። ጽጌረዳው የሚቆጠረው ግን በዘንጉ ርዝመት ነው፤ የሚያብበውም ሌላ አገር ያሉ ሰዎች ለሚያከብሩት ቀን እንዲደርስ ተደርጎ ነው። የኔዋ ለማንም ቀን አትደርስም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ደግ አንባቢ ሊረዳኝ ፈልጎ «ትዕግሥት ታስተምራለች በይው» ሊለኝ ይችላል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አልፈልግም። ቀስ በቀስ ስለሚሄደው እንቁላል ሰምተን ሰምተን ጠግበናል፤ ያን ተረት አብዝቶ የሚጠቅስልን ደግሞ ደመወዛችንን ያዘገየብን ሰው ነው። በጽሑፍ የሚተዳደር ሰው መጠበቅን ከሊቶፕስ አይማርም። እኔ የምለው ሌላ ነው። እኔ የጠበቅኋቸው ዓመታት ባዶ አልነበሩም ነው የምለው።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሃምሳ ፍሬ ዘር ዘራሁ። ፍሬ ስል አንባቢ ሽምብራ እንዳይመስለው፤ ዘሩ እንደ ሱረት ደቃቅ ነው፤ ካስነጠሱ አለቀ። አፈሩን የሠራሁት ከጎረቤት ግንባታ የተረፈ ቀይ አሽ ወቅጬ፣ በወንፊት ነፍቼ፣ ከአሸዋና ከጥቂት አፈር ጋር ቀላቅዬ ነው። ዘሩን ከላይ በተንኩ፤ አላለበስኩትም። በላስቲክ ሸፍኜ በሚረጭ ጠርሙስ አረጥበው ጀመር። በአሥረኛው ቀን አካባቢ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ አረንጓዴ ነጥቦች ታዩ፤ ቆጠርኳቸው፣ 34 ነበሩ። የሚያሳብደው ነገር፣ አዋቂውን የሚገድለው ውሃ ሕፃኑን የሚያኖረው መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጨርሶ ከደረቀ ያልቃል፤ ከበዛበትም ያልቃል። በየጠዋቱ ሽሮ ሜዳ የተገዛች ትንሽ ማጉያ መነጽር ይዤ መስኮቱ ሥር ስንበረከክ ያየች ጎረቤቴ የጸሎት ሰዓቴ መስሏት ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር። በዓመቱ 34ቱ 21 ሆኑ። ክረምቱ ወሰደ፣ የፋሲካው ጉርሻ ወሰደ፣ አንዷን ወፍ ነቅላ ጣለቻት፤ ምን መስሏት እንደሆነ እንጃ። ዘጠኝ ቀሩ። ዘጠኙም ከአንድ ከረጢት ወጥተው አንዱ የሌላውን አይመስልም፤ አንዷ ጡብ ትመስላለች፣ አንዷ የተቆላ ገብስ፣ አንዷ የአሮጌ ጫማ ቆዳ። ይህን ሁሉ አበባ ሳይኖር ነው ያየሁት። ወዳጄ አራቱን ዓመት እንደ ክፍያ ይቆጥረዋል፤ አበባው ደግሞ ዕቃው። ስለዚህም ዋጋው በዛበት።

እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን አንድ ነገር መደበቅ የለብኝም። ከዚህ በፊት አንድ ሊቶፕስ ነበረኝ። ሳልጠብቅ ያገኘሁት ነው።

የአክስቴ ልጅ ጆሃንስበርግ ጄፒ መንገድ ላይ ይነግዳል። ያን ሰፈር የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ የአበሻ ሱቅና የአበሻ ምግብ ቤት ተደርድሮ የሚገኝበት የከተማዋ መሐል ነው። ለጥምቀት 2012 ዓ.ም. ሲመጣ «አበባ ትወጂያለሽ» ብሎ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። ሦስት ራስ ያለው ሊቶፕስ ነበር። በኋላ እንዳረጋገጥኩት ሌስሊ የሚባለው ዝርያ ነው፤ በጆሃንስበርግና በፕሪቶሪያ ዙሪያ ባለው የሣር ሜዳ ይበቅላል፤ አበባው ቢጫ ነው። ደስታዬን አልቻልኩትም። ድንበር ሲያልፍ የዕፀዋት ወረቀት እንደሌለውም አልጠየቅሁ። በመጋቢት፣ ልክ ኮሮና አገራችን ገባ ተብሎ ሰው ሁሉ በሩን በዘጋበት ሰሞን፣ ከስንጥቁ መሐል እምቡጥ ወጣና አንድ ከሰዓት በኋላ ተከፈተ። ከተክሉ ገላ የሚበልጥ፣ እንደ ትንሽ ፀሐይ የተበተነ ቢጫ አበባ ነው። ማታ ተዘጋ፣ በማግሥቱ ከሰዓት ተከፈተ። በስልክ ፎቶ አንስቼ ለማውቀው ሰው ሁሉ ላክሁ። «ድንጋይ አበበልኝ!» አልኩ። ሁለት ወር ሳልጠብቅ።

በነሐሴ ሞተ። ከማሰሮው ሳወጣው ዋናው ሥሩ ተቆርጦ ነበር፤ በስለት። አንገቱ ላይ የተከማቹትን የደረቁ አሮጌ ቅጠሎች አንድ በአንድ ገለጥኋቸው፤ በየዓመቱ አንድ ጥንድ ነው የሚደርቀው፤ የተበጣጠሰውን ትቼ የቆጠርኩት ብቻ ብዙ ነበር። በመሐላቸው የገባው ጠጠር ደግሞ ማንም አትክልተኛ ነፍቶ የማያስቀምጠው የሜዳ ጠጠር ነው። ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ። «ከየት ገዛኸው?» ስለው አልዋሸኝም፤ መንገድ ዳር በፌስታል ይዞ ከሚሸጥ ሰው ነው አለኝ። «ከሜዳ ቆፍሮ ነው እንጂ ከየት ያመጣዋል? ርካሽ ነበር እኮ።» ሌስሊ በዚያ አገር ለባህል መድኃኒትም ስለሚፈለግ በዚህም በዚያም ይቆፈራል፤ የቀረውን ከተማው እየሰፋ ይበላዋል። እንግዲህ ያን ሁሉ ዓመት በሣር ሜዳ የኖረ ተክል እኔ ቤት ስምንት ወር አልሞላውም። ፎቶው አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። ለሰው ማሳየት ትቻለሁ።

ወዳጄ፣ የኔና ያንተ ክርክር እዚህ ደርሶ መልኩን ይቀይራል። አንተ «ይህን ያህል ምን ታስጠብቂያለሽ?» ስትል የምትናገረው ቀልድ ነው። ይህንኑ ጥያቄ ገንዘብ ያለው ሰው ሲጠይቀው ግን ሜዳ ይራቆታል።

ከሊቶፕስ ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነ ኮኖፊተም የሚባል ሌላ ጥቃቅን ተክል አለ፤ በደቡብ አፍሪካ ምዕራባዊ ደረቅ መሬት አለት ለአለት ተጣብቆ ይኖራል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ሌቦች በጅምላ ይፈነቅሉት ጀመር። ወረርሽኙ ሰውን ቤት ሲዘጋበት በምሥራቅ እስያ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የመስኮት ተክል የሚሰበስበው በዛ፤ ገዢዎቹ ራሳቸው መሄድ ስላልቻሉ በስልክ የአገሬውን ሥራ አጥ አሠማሩ። በ2019 እና በ2024 መካከል በዚያ አገር ከሕገ ወጥ ዝውውር የተያዘው ውሃ አዘል ተክል ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣል። ያልተያዘውን ማን ይቆጥረዋል? የተያዘውም ቢሆን ዳነ ማለት አይደለም። ከየትኛው ኮረብታ እንደተነቀለ ስለማይታወቅ፣ በሽታም ይዞ ሊመለስ ስለሚችል፣ ወደ ሜዳው አይመልሱትም፤ በየዕፀዋት ማዕከሉ ሣጥን ለሣጥን ተከማችቶ ብዙው ይሞታል። አንዳንዱ ዝርያ ደግሞ በዓለም ላይ ያለው አንድ ኮረብታ ላይ ብቻ ነው። መንግሥት በ2022 ለዚህ ብቻ ብሔራዊ ዕቅድ እስከ ማውጣት ደርሷል።

በእጁ የሚቆፍረውን ድሃ ልወቅስ አልፈልግም። በዚያ ምድረ በዳ ሥራ የለም፤ የሚደርሰውም የዋጋው ፍርፋሪ ነው፤ የሚታሰረው ግን በአብዛኛው እሱ ነው። የምከሰው ገዢውን ነው። ምክንያቱም ይህ ተክል እንደ ዝሆን ጥርስ አይደለም፤ ዝሆኑን ካልገደሉት አይገኝም አይባልም። አንድ የዘር ከረጢት ከመቶ በላይ ዘር ይይዛል። ሁለት ተክል ያለው ትጉህ ሰው በጥቂት ዓመታት ሰፈሩን ማዳረስ ይችላል። ገንዘብ የማይገዛለት ነገር ቢኖር ከዘሩ እስከ አበባው ያሉት ሦስት፣ አራት፣ አምስት ዓመታት ናቸው። ገዢው «አሁን ካልሆነ» ስላለ፣ እነዚያን ዓመታት ሜዳ ላይ ከኖረው ተክል ይነጥቃል። እኔም ነጥቄያለሁ፤ «ስጦታ ነው» ብዬ።

ከዚሁ ቤት የሚቀዳ ሌላ ንግድም አለ። በኢንተርኔት ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ባለ ቀስተ ደመና ሊቶፕስ ይሸጣል፤ ዘሩ በከረጢት፣ ፎቶው የተቀባ። እውነተኛው ገላ የድንጋይና የአፈር ቀለም ነው፤ አበባውም በአብዛኛው ወይ ቢጫ ወይ ነጭ ነው። አንድ የማውቀው ወጣት ሰማያዊውን አዝዞ፣ ከውጭ በመጣ ሰው አስመጥቶ ዘራ፤ የበቀለለት ሣር ነው። ሣሩ እንኳ ቆንጆ ነበር።

በተቃራኒው የሚያኮራኝን ሰው ላንሳ። ዴዝመንድ ኮል የሚባሉ በጆሃንስበርግ የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ቋንቋዎች ፕሮፌሰር ነበሩ። በ1955 የጽዋና ቋንቋን ሰዋስው መጽሐፍ ያሳተሙ ናቸው፤ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ሆይ፣ የኛው ወገን ናቸው። እኚህ ሰውና ባለቤታቸው ናውሪን ዕረፍታቸውን በሙሉ ሊቶፕስ ፍለጋ በረሃ ለበረሃ ዞሩ። ወደ 400 ለሚጠጉ የዱር መንደሮቹ ቁጥር ሰጡ፤ በ1988 መጽሐፋቸውን አወጡ። ከየመንደሩ የወጣው ዘር በዚያው ቁጥር እየተጠራ ዓለምን ዞረ። ዛሬ የትም አገር ያለ አሳዳጊ ማሰሮው ላይ «ሲ» ብሎ ቁጥር ከጻፈ፣ ተክሉ የየትኛው ሜዳ ልጅ እንደሆነ ያውቃል፤ ሜዳው ላይ ያለው ዘመዱም ሳይነቀል እዚያው ይኖራል። የቋንቋ ሊቅ ሥራ ይመስለኛል፤ ቃሉን ከተናጋሪው አፍ ሳይነጥቁ መመዝገብ። የኔዎቹ ዘጠኙም ቁጥር አላቸው። የአክስቴ ልጅ ከዚያ የስልክ ጥሪ በኋላ ተፀፅቶ፣ እዚያው ዘር አባዝቶ ከሚሸጥ አትክልተኛ ገዝቶ የላከልኝ ናቸው። በፖስታ ውስጥ የገባች ሌላ ፖስታ፤ ከውስጧ የሱረት ቁንጣሪ።

አሁን አበባው ጋ ልድረስ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጡብ የምትመስለው ስንጥቋ ሰፋ። መጀመሪያ አዲስ ቅጠል መስሎኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጀች። ያበበችው አንድ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ እኔ ያን ሰዓት ጽሑፍ ላስረክብ መሐል ከተማ ነበርኩ። ስመለስ እየተዘጋች አገኘኋት። አንባቢ ይሳቅብኝ። በማግሥቱ ግን ከምሳ በኋላ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ስትከፈት አየኋት። ከመጋቢቱ አበባ በመልክ የሚለያት ነገር የለም፤ ያም ቢጫ ይቺም ቢጫ። ፎቶ አላነሳሁም።

ከዚያ ትልቁ ችግር መጣ። ሊቶፕስ ራሱን በራሱ አያዳቅልም። ዘር እንዲይዝ ሌላ ተክል በዚያው ሳምንት ማበብ አለበት። በ2017 ብቻዋን አበበች፣ ብቻዋን ጠወለገች። በ2018 ጡቢቱ በጥቅምት 9 ተከፍታ በ16 ጨረሰች፤ የተቆላው ገብስ በ21 ተከፈተች። በአምስት ቀን ተላለፉ! አንድ ሳምንት በማይሞላ ልዩነት አንድ ዓመት ተቃጠለ። ወዳጄ ቡና ሊጠጣ የመጣው ይህ በሆነ በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ፊቴ ጥሩ ያልነበረውም በስድቡ ብቻ አይደለም።

ለሚመጣው ጥቅምት የዓይን ኩል መቀቢያ ቀጭን ብሩሽ ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ሁለቱ ከተገናኙ ብናኙን ከአንዷ ወደ ሌላዋ አደርሳለሁ። የዘር ከረጢቱ እስኪበስል ወራት ይፈልጋል። ሲበስል ደርቆ፣ ተዘግቶ፣ ዝናብ ይጠብቃል፤ የውሃ ጠብታ ሲያርፍበት በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ኮከብ ይከፈታል፤ ቀጣዩ ጠብታ ዘሩን ይረጨዋል። ሲደርቅ ተመልሶ ይዘጋል፤ ያልተረጨውን ለሌላ ዝናብ ያስቀምጣል። እኔ ዝናቡን በማንኪያ ነው የማደርገው።

ከዚያ ዘር ውስጥ 20 ፍሬ ለወዳጄ ቆጥሬ እሰጠዋለሁ። ነገር ሁሉ ከተሳካ ዘሩ በ2019 ክረምት ይደርሳል፤ በ2020 ጥቅምት ይዘራዋል፤ በ2024 ጥቅምት ያብብለታል። ቀይ አሹን እኔ እነፋለታለሁ፤ ማሰሮውን ግን ራሱ ይግዛ።